ለመስቀለኛ ጥያቄ የተሠራ ካሜራ

ፎቶግራፍን ከመዝገብ ማስወጣት እንጀራዬ ነው። በወንጀል ችሎት ከተከሳሽ ጎን መቆም ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ዘዴዬ አልተለወጠም። ማን አነሳው? መቼ? የት? ከተነሳ በኋላስ በስንት ሰው እጅ አለፈ? ምስክሩ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ዞር ብሎ ዓቃቤ ሕጉን ማየት ከጀመረ ሦስተኛውን ሳልጠይቅ እቀመጣለሁ።

ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። የአንድ ሰው ጀርባ ነበር፤ በገመድ የተገረፈ፣ ሰንበሩ እንደ ትልም ተጋድሞ የሚታይ። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ የተነሳበት ቀን ተራግፎ ቀርቷል። በፋይሉ ላይ የተገኘው ቀን የመጨረሻው ተቀባይ ያወረደበት ሲሆን፣ ድርጊቱ ተፈጸመ ከተባለበት ቀን አሥራ አንድ ወር ይዘገያል። መቃወሚያዬን አቀረብኩ፣ ተቀባይነት አገኘ፣ ደንበኛዬ እጄን ጨበጠኝ። በሕጉ አግባብ ነው የሠራሁት። ጀርባው ግን እውነተኛ ጀርባ ነበር።

ስለዚህ እንደ እኔ ዓይነቱን ጠያቂ አስበው ጠበቆች ራሳቸው ያሠሩት ካሜራ አለ ሲባል፣ ግማሽ በጥርጣሬ ግማሽ በሙያ ቅናት ስልኬ ላይ ጫንኩት። አይዊትነስ ይባላል። ሦስት ሳምንት አብሮኝ ሰንብቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባለቤቱ ለንደን ያለው ዓለም አቀፉ የጠበቆች ማኅበር ነው። መተግበሪያው በ2015 ለሕዝብ ሲለቀቅ የምስሎቹን ማከማቻ ያቀረበው በሕግ መረጃ የሚታወቀው ሌክሲስ ኔክሲስ ነበር። ሐሳቡን የጫረው ከስሪላንካ የእርስ በርስ ጦርነት የወጣ ምስል ነው። የእንግሊዙ ቻናል ፎር በ2009 እጃቸው የፊጥኝ የታሰረ ሰዎች በጥይት ሲገደሉ የሚያሳይ የስልክ ቪዲዮ አሰራጨ፤ የአገሪቱ መንግሥት «ሐሰት ነው» አለ። በዚያን ጊዜ ያለ ፍርድ የሚፈጸሙ ግድያዎችን የሚከታተሉ የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተር የነበሩት ፊሊፕ አልስተን አንድ የአስከሬን ምርመራ ሐኪም፣ አንድ የጦር መሣሪያ ባለሙያና አንድ የቪዲዮ ባለሙያ አስቀርበው አስመረመሩ። በጥር 2010 ምስሉ እውነተኛ ይመስላል የሚል መደምደሚያ ወጣ። አንድ አጭር የስልክ ቪዲዮ ወራትና ሦስት ሊቃውንት ፈጅቶ ያገኘው ቃል «ይመስላል» ነው። ለተከላካይ ጠበቃ ከ«ይመስላል» የበለጠ ስጦታ የለም።

አሁን ወደ ዕቃው ልግባ። በካሜራነቱ ብቻ ከመዘናችሁት ባዶ ቤት ነው። ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ፤ በቃ። ቀለም ማሳመር፣ ፊት ማጥራት፣ ጠርዝ መቁረጥ የሚባል ነገር የለበትም። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ ቀድሞ የተነሳ ፎቶ የምታስገቡበት በር አለመኖሩ ነው። ትናንት በስልኩ በራሱ ካሜራ ያነሳችሁትን፣ ዘመድ የላከላችሁን፣ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን አይቀበልም። የሚያውቀው በገዛ ዓይኑ ያየውን ብቻ ነው። ለተጠቃሚ ይህ ድርቅና ይመስላል፤ እኔ ግን ሠሪው ችሎት ገብቶ የሚያውቅ ሰው መሆኑን የተረዳሁት በዚሁ ነው። መስማትን ከማየት የለየ ካሜራ ነው።

የመጀመሪያ ፎቶዬ ወደ ቢሮዬ በሚወስደው ደረጃ ላይ ያለ ስንጥቅ ነበር። ሲሚንቶው ከአራተኛው እርከን እስከ ስድስተኛው ሰያፍ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ውስጥ አንድ የወደቀ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ዝጎ ተቀምጧል። ተጫንኩት። ከዚያ በስልኬ የፎቶ ማኅደር ውስጥ ብፈልግ የለም። መተግበሪያው የራሱ የተቆለፈና የተመሰጠረ ማኅደር አለው፤ ምስሉ የገባው እዚያ ነው። ከምስሉ ጋር አብሮ የተመዘገበውን ሳስብ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ከሳተላይት የተገኘው ቦታና ሰዓት፣ በዙሪያው ያሉ የስልክ ማማዎች፣ በአካባቢው የተገኙ የዋይፋይ መረቦች። በላዩ ላይ ደግሞ ከምስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ተቀምሮ የሚወጣ ረጅም ቁጥር አለ፤ ባለሙያዎቹ ሃሽ ይሉታል። የዛገችው ሽቦ ላይ ካለው ነጥብ አንዱን እንኳ ብትነኩ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። ድሮ ፖስታ በቀይ ሰም ሲታሸግ፣ ሰሙ ከተሰነጠቀ ተከፍቷል ማለት እንደነበረው ነው።

ምስሉ በሚነሳበት ቅጽበት ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መረጃው እዚያው ስልኩ ላይ ይመዘገባል፣ መረብ ሲገኝ ይላካል። መላክ አለመላኩን የሚወስነው አንሺው ነው። ከፈለገም ያየውን በጽሑፍ ያያይዛል። ከተላከ በኋላ ዋናው ቅጂ በማኅበሩ ማከማቻ ታሽጎ ይቀመጣል፤ የድርጅቱ ባለሙያዎች አይተው ይመዘግቡታል፣ ለመርማሪ አካላት የሚሆን መዝገብም ያዘጋጁበታል። አንሺው ለራሱ ቅጂ ማስቀረት ይችላል፤ ለጋዜጠኛም ለወዳጅም የሚያሳየው ያንን ነው። በችሎት ቋንቋ የማስረጃ ቅብብል የምንለው ሰንሰለት የሚጀምረው ከፖሊስ ጠረጴዛ ሳይሆን ከጣቱ ጫፍ ነው። የእኔ አራተኛ ጥያቄ እዚህ ላይ ጥርሱ ወለቀ።

ረዳቴ ወጣት ጠበቃ ናት፤ እንዲህ በቀላሉ እጅ የምትሰጥ አይደለችም። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ተቃራኒ ወገን ይሁኑና ልሞክረው» ብላ ስልኩን ተቀበለችኝ። መጀመሪያ የስልኩን ሰዓት ወደ አምናው ልትመልሰው አሰበች። እኔም ሰዓቱን ስልኩ ቢዋሽ ሳተላይቱና ማማው እንደማይተባበሩት ነገርኳት፤ አንድ ምስክር ይሰለጥናል፣ ሦስት የማይተዋወቁ ምስክሮች ግን አንድ ውሸት ማጥናት ይከብዳቸዋል። ትንሽ አሰበችና ኮምፒውተሯ ላይ የቆየ የጦርነት ፎቶ ከፍታ በመተግበሪያው አነሳችው።

«ይኸው! ተቀበለው!» አለች።

አዎ፣ ተቀበለው። «ምን እንደተቀበለ ግን ተመልከቺ» አልኳት። «ዛሬ፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቢሮ ውስጥ የተነሳ ብሎ ነው የመዘገበው። ይህን ችሎት ይዘሽ ብትቀርቢ የምትከሰሺው አንቺ ነሽ።» ሳቀች። ቀጥሎ የጠየቀችው ግን አላሳቀኝም፤ «እዚያው ቦታው ላይ ቆሜ፣ ሰዎችን አስተኝቼ፣ ቀይ ቀለም አፍስሼ ባነሳስ?» መልስ አልነበረኝም። ሳተላይቱ ደሙ ደም ይሁን ቀለም አያይም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የድሮው ሥራ ነው፤ ሐኪም፣ መሬቱን የሚቆፍር ባለሙያ፣ ጎረቤት፣ የሆስፒታል መዝገብ። ምስሉን ግን አልላክነውም። የሰው መከራ በሚከማችበት ቦታ የእኛን ጨዋታ መጣል ነውር ነው።

መተግበሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ በችሎት የተፈተነው በ2018 ነው። በምሥራቅ ኮንጎ ደቡብ ኪቩ ግዛት፣ ቡካቩ ላይ የተሰየመ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሁለት የኤፍዲኤልአር ታጣቂ ቡድን አዛዦችን በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በዕድሜ ልክ እስራት ቀጣ። በመተግበሪያው የተነሱ ፎቶዎች ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ነበሩ። ስለ አይዊትነስ የሚጽፉ ሁሉ ይህን ፍርድ ያነሳሉ፤ ቀኖቹን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ የሚያይ ግን አላጋጠመኝም። በካማናንጋና በሉሜንጄ መንደሮች ግድያው የተፈጸመው በ2012 ነው። መተግበሪያው የወጣው በ2015። እንግዲህ እነዚያ ፎቶዎች ግድያውን አላዩም፤ ሊያዩም አይችሉም ነበር። ያዩት ግድያው ትቶት ያለፈውን ነው።

ይህ ዋጋቸውን ያሳንሰዋል? ለእኔ ያከብረዋል። መርማሪዎች ከዓመታት በኋላ ገጠር ገብተው የሚያገኙት ጠባሳ፣ የተናደ አፈርና የሰው ቃል ነው። ጠባሳውንና አፈሩን «የት ነው ያነሳችሁት? በሌላ መንደር ይሆናል» ብዬ ለመናድ ብነሳ መተግበሪያው አፌን ይዘጋዋል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ ወደ ሰው ቃል ይመለሳል፤ በቡካቩም ተጎጂዎች ቀርበው ተናግረዋል። ማስታወቂያው ላይ ጎልቶ የማይወጣው እውነት ይህ ይመስለኛል፤ መሣሪያው ምስክሩን ከመንገላታት በጥቂቱ ያሳርፈዋል እንጂ አይተካውም።

ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የማነጻጽረው የሶርያውን መዝገብ ነው። «ቄሳር» በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የወታደራዊ ፖሊስ ፎቶ አንሺ በ2013 ከአገር ሲወጣ ከ50,000 በላይ ምስሎች ወጥተዋል። ብዙዎቹ በእስር የሞቱ ሰዎች አስከሬን ናቸው። መተግበሪያ የለም፣ ሃሽ የለም። ታዲያ ለምን ጸኑ? ምክንያቱም በአስከሬኖቹ ላይና አጠገባቸው በተያዘው ካርድ ላይ ቁጥር አለ፤ የእስረኛው ቁጥር፣ የያዘው የደኅንነት ቅርንጫፍ ቁጥር፣ የሞት ምርመራው ቁጥር። ገዳዩ ቢሮ ራሱ በእጁ ጽፎ አንጠልጥሎላቸዋል። የፎቶው የልደት ወረቀት የተጻፈው በተከሳሹ ወገን ቀለም ነው ማለት ነው፤ እንደ እኔ ያለ ጠበቃ ያን ቁጥር ይዞ የት ይደርሳል? እነዚህ ምስሎች በጀርመኗ ኮብሌንዝ ችሎት በፎረንሲክ ሐኪም ተተንትነው ቀርበዋል፤ የቅርንጫፍ 251 የምርመራ ኃላፊ የነበረው አንዋር ራስላን በጥር 2022 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። አይዊትነስ ያን ቁጥር የመሰለ ነገር ለተራ ሰው ሊሰጠው ይሞክራል። የተሻለ ሙከራ አላየሁም። አንድ ነገር ግን አይሰጠውም፤ ቅርንጫፉን።

የጦር ወንጀል ክስ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ «ሰው ተገድሏል ወይ?» በሚለው ላይ አይደለም። የሚወድቀው ከሟቹ እስከ አዛዡ ባለው መንገድ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የኮንጎውን ፖለቲከኛና የታጣቂ ቡድን መሪ ዣን ፒየር ቤምባን በ2016 ጥፋተኛ ብሎ 18 ዓመት ፈረደበት፤ በሰኔ 2018 የይግባኝ ችሎቱ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ነጻ አወጣው። ወታደሮቹ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ያደረጉትን ይግባኙ አላጠፋውም፤ የተፋለሙት አዛዡ ከሩቅ ሆኖ ለመከላከል የሚገባውን እርምጃ ወስዷል ወይስ አልወሰደም በሚለው ነበር። አለማድረግን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ገና አልተሠራም። መተግበሪያውን ጭነው ወደ ሥራ የሚወጡ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ከአስከሬኑ በተጨማሪ የመኪናውን ታርጋ፣ የደንብ ልብሱን ምልክት፣ የሬዲዮ አንቴናውን፣ ኬላው ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ያነሱ ነበር። ለዓቃቤ ሕግ ከመቶ ቁስል አንድ ታርጋ የሚጠቅምበት ቀን አለ። ይህን ስጽፍ የገዛ ወገኔን እየከዳሁ እንደሆነ ይሰማኛል፤ ይሁን።

ሌላው መንገድ የተገኘ ምስል ነው፤ ማንም ያነሳው፣ በኢንተርኔት የተለቀቀ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2017 በሊቢያዊው የጦር አዛዥ ማህሙድ አል ወርፋሊ ላይ ያወጣው የእስር ማዘዣ 33 ሰዎች ተገድለውባቸዋል በተባሉ ሰባት ክስተቶች ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ በማኅበራዊ መገናኛ የተለቀቁ ቪዲዮዎች ዋና መሠረቱ ነበሩ። ሰውዬው ችሎት ሳይቀርብ በ2021 ቤንጋዚ ላይ ተገደለ፤ ስለዚህ እነዚያ ቪዲዮዎች በመስቀለኛ ጥያቄ ምን ይሆኑ እንደነበር አላየንም፤ ለእኔ ቢጤ የሚያስቆጭ ነው። እንዲህ ያሉ ምስሎችን እንዴት መሰብሰብና ማጣራት እንደሚገባ የሚያሳየው የበርክሌይ ፕሮቶኮል በ2020 መጨረሻ ወጥቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን የተገኘ ምስል ሰው ሳያስበው ይጠፋል። በ2017 ዩቲዩብ አክራሪ ይዘትን የሚለይ ማሽን ሥራ ላይ ሲያውል ከሶርያ ጦርነት የተቀረጹ ብዙ ቪዲዮዎች አብረው ተጠርገዋል፤ ማሽኑ ገዳዩን ከመዝጋቢው አልለየም። አሁን ደግሞ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሌለ ሬሳ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ይፈበርካል። «ሐሰት ነው» ማለት በ2009 ከነበረው ይልቅ ረክሷል፤ ያለውን ሬሳ የሌለ ነው ለማለትም እንዲሁ። ከመነሻው ታሽጎ የሚመጣ ምስል ዋጋው የሚወጣው በዚሁ ልክ ነው።

ቅሬታዬን አሁን ልናገር። በደል ስላደረሱብኝ አይደለም፤ ወንበሬ ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ማን አነሳው?» ነበር። አይዊትነስ አንሺው ስሙን እንዳይሰጥ ይፈቅድለታል። ለአንሺው ሕይወት ማለት ነው፤ አልከራከርም። ለተከሳሹ ግን ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ባቋቋመው በሮም ስምምነት አንቀጽ 67 የተሰጠው ምስክሮቹን የመጠየቅ መብት አለ፤ ስልክን ደግሞ ከካሜራው ጀርባ ምን እንደቀረ፣ ወዴት እንዳልዞረ ልጠይቀው አልችልም። ከዚህ የባሰው ሁለተኛው ነው። በዚያው አንቀጽ መሠረት ዓቃቤ ሕግ ተከሳሹን ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ በእጁ ካለ የመግለጥ ግዴታ አለበት። ግዴታው ግን የዓቃቤ ሕግ ነው። ማስረጃው በዓቃቤ ሕግ እጅ ሳይሆን በሌላ ማኅበር ማከማቻ ታሽጎ ከተቀመጠስ? ደንበኛዬ በዚያ ሰዓት በሌላ መንደር መሆኑን የሚያሳይ ቪዲዮ እዚያ ቢኖር፣ መኖሩን እንኳ በምን ላውቅ? የምርመራው ሥራ ከመንግሥት ወደ ማኅበራትና ወደ ግለሰብ ስልክ እየፈለሰ ነው፤ የመግለጥ ግዴታው ግን ባለበት ቆሟል። ጠበቆች ያሠሩት መሣሪያ ስለሆነ ከሌላው ይልቅ ከእነርሱ ብጠብቅ አያስፈርድብኝም።

ለማን ይሁን? ለሰብአዊ መብት መርማሪ፣ ለአካባቢ ጋዜጠኛ፣ ለሐኪም፤ በተለይ ከድርጊቱ በኋላ ረጋ ብሎ ለሚመዘግብ ሰው ያለማመንታት። አንድሮይድ ስልክ ያስፈልገዋል። ክፍያ የለውም። ኬላ እያቋረጠ ለሚንቀሳቀስ ሰው ግን «ጫን» ብዬ በደፈናው አልመክርም። አደጋ ሲመጣ ምስሎቹን ከመተግበሪያው ጋር በአንዴ የሚያጠፋ ዘዴ ተበጅቶለታል፤ ሆኖም ኬላ ላይ የቆመ ታጣቂ እኔ ችሎት ተራዬን እንደምጠብቀው ተራውን አይጠብቅም። ሰው ከፎቶ ይበልጣል። ከመጫን በፊት ማኅበሩ ያዘጋጀውን መመሪያ ማንበብ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ደጋግሞ መለማመድ፣ መቼ እንደሚላክና መቼ እንደሚጠፋ ቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አምስተኛውን የያዝኩት በዚያ በታሸገ ማከማቻ ምክንያት ነው፤ ተከላካዩም የሚያንኳኳበት በር የተሠራለት ዕለት እጨምረዋለሁ።

ትናንት ስልክ ስለቀየርኩ መተግበሪያውን ከአሮጌው ላይ አጠፋሁት። ማታ የሕንፃው ባለቤት ደረጃውን ለማስጠገን ያንን የስንጥቅ ፎቶ ላክልኝ ብሎ ደወለ። ሳልልከው አብሮ ሄዷል። ጠዋት በስልኩ ተራ ካሜራ ሌላ አነሳሁለት፤ ሽቦዋ አሁንም እዚያው ናት።